ልጅ ለሌላቸው ትሎች የተደረገ ዱዓ

ዛሬ ልክ በምሳ ሰዓት «አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ። ላቦራቶሪው ውስጥ የሰማኝ ፍሪጁ ብቻ ነው።

ጅጅጋ ላይ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሰው መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ሁሉም ምሳውን በልቶ ጋደም ብሏል።

ለማታውቁ፣ የምሠራው ዓይን በቅጡ በማያያት አንዲት ትል ላይ ነው። የዘር ሕዋሷን የሚያሳድገው ጂን የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጂኖቿን አንድ በአንድ ሥራ አስፈታለሁ። እስከ ትናንት ትሎቹ ሁሉ እንቁላላቸውን ታቅፈው ነበር የሚጠብቁኝ። ዛሬ ግን ሆዳቸው ባዶ ነው! የምፈልገው ጂን ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

(ትሏ በደህናው ቀን ያለ ባል ነው የምትወልደው። በዚህ እንኳ ትበልጠኛለች።)

እናቴ ጋ ደወልኩ፤ ኔትወርክ እምቢ አለ። ሮጬ ዘበኛችንን አዴር ዩሱፍን ጠራኋቸው (አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው)። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡና ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ።

«ምን ሆነው ነው?»

«አይወልዱም አዴር! እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኳቸው!»

ቀና ብለው እንደ ወንጀለኛ አዩኝ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ለትሎቹ ዱዓ አደረጉ፦ «አላህ ልጅ ይስጣችሁ።»

ሳቄ አመለጠኝ።

እጃቸውን ሳያወርዱ ወደ እኔ ዞሩ። «ለአንቺም፣ ልጄ። ቤትሽን ሰው ይሙላው።»

ሳቄ ቆመ። «አሚን» አልኩ፤ ከልቤ ነው ያልኩት።

እናንተስ፣ የምሥራች ይዛችሁ የምትነግሩት ሰው ያጣችሁበት ቀን አለ? ለማን ነገራችሁ? ጻፉልኝ እስቲ፤ ቤት ስገባ የሚጠብቀኝ ነገር ይኑር።