ለድምጿ የታጨችው

ጌታሁን የበደለኝ በጃንሆይ ጊዜ፣ ትምህርቴን ጨርሼ በአጎቴ ሱቅ በምሠራበት ክረምት ነው። ሞቷል ተብያለሁ፤ ስለሞተ ግን ነገሩን አላለዝበውም።

ዛሬ ጠዋት ዝናብ የመታው የቡና ጆንያ ሸተተኝና ሁሉም ተመለሰ፤ መቱ፣ የአጎቴ መጋዘን፣ ቆርቆሮው ላይ የማያባራው ዝናብ፣ ከሥሩም በወንዛችን ስም ሶር ባንድ ብለን የሰየምነው ጉድ። ጌታሁን ከአዲስ አበባ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ የመጣ የመዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ሳክስፎኑን ከጦር ሠራዊት በጡረታ የተሰናበቱ አንድ አዛውንት ይነፋሉ፣ ከበሮውን የልብስ ሰፊው ልጅ ይደበድባል። በሬዲዮ የሰማነውን የጥቁር አሜሪካውያን ሶል ሙዚቃ ልንጫወት ስንታገል ሳክስፎኑ ወደ ሰልፍ ማርሽ እየሸሸ ያስቸግረን ነበር። ዘፋኟ እኔ ነበርኩ። ቃሉን በቅጡ ሳላውቀው ከሆዴ አወጣዋለሁ፤ ተሸካሚዎቹ ጆንያቸውን ሳያወርዱ ቆመው ይሰሙኛል።

በመስቀል ማግስት በመዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ እንድንጫወት ተወሰነ። አባቴ ግን መዝፈኔን አያውቅም። ጌታሁን "ለእኔ ተዪው፣ በወጉ አስፈቅዳለሁ" አለኝና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላከ! በእኛ አገር ሽማግሌ ጋቢውን አጣፍቶ ደጅ ሲቆም ለምን እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። አባቴ ገና ሳይነግሩት የሁሩሙ ማር ጠጅ አስቀድቶ፣ መርቆ፣ "ልጃችሁ ናት" አለ። አንጋፋው ሽማግሌ ኦቦ ገመዳ ብርሌያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡና "እኛስ የተላክነው ለዘፈን ነው" አሉ።

አባቴ ጌታሁንን አስጠርቶ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ "አግባትና እንደፈለግህ አዘፍናት" አለው።

"ኧረ ጋሼ፣ እኔ ድምጿን እንጂ እሷን መቼ ጠየቅሁ!"

ከገበያ በቀር ከቤት እንዳልወጣ ተከለከልኩ። በመስቀል ማግስት ዘፈኔ ከአዳራሹ እስከ ጓሯችን ተሰማ፤ ጌታሁን ራሱ በዚያ ቀጭን ድምፁ ሲያሰቃየው። ሰውም አጨበጨበለት። እኔን ግን ገበያ በወጣሁ ቁጥር ሴቶቹ "ያቻት፣ ለድምጿ የታጨችው! ድምፅሽ መቼ ነው የሚዳረው አቦ?" ይሉኛል። እሱ አንድም ቀን ይቅርታ ሳይለኝ፣ የእኔን ዘፈን ይዞ የጎሬንና የበደሌን ከተሞች ዞረበት።

ባንዱ ሲፈርስ እንደገና ሽማግሌ ላከ። አሁን ለጋብቻ ነበር። አባቴ ጠጅ ሳያስቀዳ አስቀድሞ እኔን ጠየቀ። አልፈልግም አልኩ። ሁሩሙ አስተማሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከዚያ ወዲህ በሰው ፊት አልዘፈንኩም።