ከቁርጥራጭ ብረት ሚዛን የተረፈው ኮምፒውተር

ከምሠራበት የፋብሪካ መጋዘን ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ቁም ሣጥን የሚያክል ኮምፒውተር ቆሞ ነበር። እኔ ከመቀጠሬ በፊት የመጋዘኑን ክርና ጨርቅ የሚቆጣጠረው እሱ ነበር። ትናንሾቹ ኮምፒውተሮች ከመጡ ወዲህ የሚያስታውሱት ድሮ ያሠሩት የነበሩት ሽማግሌ ብቻ ሆኑ። ጡረታ ከወጡ በኋላም በየማክሰኞው ከግሽ አባይ ሰፈር በእግራቸው ይመጣሉ፤ በሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ፤ አቧራውን ጠርገው ጥቂት ያሠሩታል። ጫማ ማውለቁ አቧራ እንዳይገባ የወጣ የጥንት ደንብ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን ሊሳለሙት የመጡ መስሎኝ ስቄባቸዋለሁ።

ዘንድሮ ክፍሏ ለሌላ ሥራ ተፈለገች። ለማሽኑ ተረካቢ ካልተገኘ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር በኪሎ ሊሸጥ ሆነ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው። ተረካቢ ፍለጋ እግሬ እስኪቀጥን ዞሬ በመጨረሻ አንዲት የሙያ ኮሌጅ መምህርት አገኘሁ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«እንግዲያው እንወስደዋለን።»

ደስታዬ ግን አልቆየም፤ ያበላሸሁትም ራሴ ነኝ። እኛ መጋዘን ቤቶች ከመጋዘን ማውጣት የምንፈልገውን ዕቃ ሁሉ፣ ደህናውንም ጭምር፣ «አገልግሎት የማይሰጥ» ብለን መጻፍ ለምዶብናል። አለዚያ የሚፈርም የለም። በማሽኑም ቅጽ ላይ እጄ እንደለመደው ያንኑ ጻፈ። ለሌላ መሥሪያ ቤት የሚዛወረው ግን የሚሠራ ንብረት ነው፤ የማይሠራው ወደ ሚዛን ይሄዳል። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ «በገዛ እጅሽ ፈርመሽ አሁን ምን ልታዘዝ?» አሉኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ሽማግሌው ቤት ሄድኩና ጥፋቴን ተናገርኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን፣

«ማክሰኞ ኮሚቴውን ጥሪልኝ፣ ልጄ» አሉ።

ማክሰኞ ኮሚቴው መጣ። ሽማግሌው ሁሉንም ጫማ አስወለቋቸው፤ የአንዱ አውራ ጣት ከካልሲው ወጥቶ እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስኩ። ቁልፉን ሲያዞሩ ማሽኑ አጓራ። መብራቶቹ ተራ በተራ በሩ። ማተሚያው መንቀጥቀጥ ጀመረና ማሽኑ የቁጥጥር ሥራውን ባቆመበት ቀን መጋዘን ውስጥ የነበረውን ክር አንድ ሳያስቀር ዘረዘረ። ሰብሳቢው ወረቀቱን ተቀብለው አንድ መስመር ላይ ቆሙ። ፋብሪካ የገቡት በተሸካሚነት ነበር።

«ይህን ክር እኔ ነኝ የተሸከምሁት» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥተው የእኔን ጽሑፍ ሰረዙና «ይሠራል» ብለው ፈረሙ።

ሽማግሌውን ከዚያ ቀን ጀምሮ አከብራቸዋለሁ ብል አነሰ፤ እወዳቸዋለሁ። ማሽኑ ኮሌጅ ከገባ በኋላ መምህርቷንና ተማሪዎቿን ሦስት ቀን አስተማሩ፤ ቁልፉን ሰጡ፤ ከዚያ ቀሩ። አመማቸው ብዬ ልጠይቃቸው ስሄድ ከጣና ዳር ቁጭ ብለው አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ እየጠበቁዎት እኮ ነው። ለምን ቀሩ?»

«እኔ እዚያ ከቆምሁ ማን ይነካዋል፣ ልጄ? ስህተት ሳይሠሩበት እንዴት ይለምዱታል?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ለመሆኑ አስነሡት?»

«ትናንት አስነሡት። ሁለቴ እምቢ ብሏቸው በሦስተኛው ተነሣ።»

«ሁለቴ ብቻ?» አሉ። «እኔን አንድ ሳምንት ነው እምቢ ያለኝ።»