«ክራክ» ሳልል የቀረሁ ዕለት

አጎቴ ከድሬዳዋ ባቡር ሥራ ጡረታ ወጥተው ቡሬ የተመለሱት ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን ነው። ይዘውልን የመጡት ተረት ነበር። ማርቲኒክ ከሚባል ደሴት የመጣ ባልደረባቸው በክሪዮል ያወራላቸውን፣ ጥንቸል ጅብን የምታሞኝበትን ተረት፣ እሳቸው በጎጃም አማርኛ ይነግሩናል። ክሪዮልን ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ከጌቶቻቸው ፈረንሳይኛ ለራሳቸው ያበጁት ቋንቋ ነው ይሉን ነበር።

የአተራረቱ ወግም የደሴቲቱ ነው። እሳቸው «ክሪክ?» ሲሉ እኛ «ክራክ!» እንላለን። በመሀልም እየሰማን እንደሆነ ለማወቅ ድንገት «ክሪክ?» ይላሉ። አንድ ሰው ዝም ካለ ተረቱ ይቆማል።

«አያ፣ ይጨርሱልን እንጅ!» ብንል አይሰሙንም።

«ያልሰማ ካለማ ለማን አወራለሁ? ጆሮ ሲገኝ ይቀጥላል» ብለው ከመደቡ ይነሳሉ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያወሩልን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በፋሲካ ነው። ከፍኖተ ሰላም የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼን ይዤ መጥቼ ነበርና «ክሪክ?» ሲሉ አፍሬ ዝም አልኩ። ጅቡ ጥንቸሏን ጉድጓድ አፋፍ ላይ እንዳፋጠጣት ተረቱ ቆመ። ክረምቱ ሳይወጣ አጎቴ አረፉ።

በአርባቸው ቀን መደቡን ባዶውን ሳየው አላስችል አለኝ። ጥፋቴን ተረቱን አብረው ይሰሙ ለነበሩት የቤተሰቡ ልጆች ነገርኳቸው፤ መጨረሻውን እንደማላውቀውም ጭምር።

የእህቴ ልጅ ተቆጣችኝ። «እና ጥንቸሏን እዚያው ልንተዋት ነው?»

መደቡ ላይ ወጥታ ተቀመጠችና «ክሪክ?» አለች።

ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ከሁሉም ቀድሜ፣ ጮክ ብዬ «ክራክ!» አልኩ።