ከምስር ፍሬ ያነሰው ዓለም

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሜሮን ከድሬዳዋ መጥታ ነበር። እዚህ ጅቡቲ፣ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄጄ ተቀበልኳት። አዲሱ ባቡር ከከተማ ወጣ ብሎ ነው ሰው የሚያራግፈው፤ በታክሲ እስከ ሰፈሬ፣ ካርቲየ ሰባት፣ ስንመጣ ሙቀቱ ፊታችንን ጠበሰን። ሜሮን ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ታስተምራለች። ቤት ገብታ ተጣጥባ፣ ያቀረብኩላትን የተጠበሰ ዓሣ በጣቷ እየፈለፈለች ስለ ተማሪዎቿ ታወጋኝ ጀመር።

"እማዬ፣ ዩኒቨርስ እንዴት እንደጀመረ ሳስተምራቸው አንዷ ምን አለችኝ መሰለሽ? 'ቲቸር፣ ከዚያ በፊትስ ምን ነበር?' ብላ አፋጠጠችኝ።"

"በፊት የሚባል ነገር አልነበረም በያት" አልኳት እሾህ እየለቀምኩላት። "ሁሉም ነገር ከምስር ፍሬ ባነሰ ቦታ ታጭቆ ነበር። ውጭ የሚባል አልነበረም፤ ስለዚህ በፊት የሚባልም አልነበረም።"

ልጄ ዓሣዋን እንደያዘች ቀረች። አይፈረድባትም፤ እኔ ትምህርት ያቆምኩት አምስተኛ ክፍል ነው፣ ሥራዬም ሽንኩርትና ቲማቲም መሸጥ ነው።

"ማን ነገረሽ?" አለች።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ለማንም አውርቼው አላውቅም። ሆድ ይፍጀው ብዬ የተውኩት ነገር በአንድ ሳህን ዓሣ ይወጣል ብዬ መቼ አሰብኩ!

ጅቡቲ መጀመሪያ ስመጣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሜሮን ገና ዳዴ ትል ነበር፤ ለእናቴ ትቻት ነው የመጣሁት። የተቀጠርኩበት ቤት ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባል ሰፈር፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም ያልራቀ ትልቅ ቤት ነው። የመጣሁ ዕለት እመቤቲቱ፣ ማዳም እላት ነበር፣ "እንዳይጠፋብሽ" ብላ ፓስፖርቴን ተቀበለችኝ። ቂል አይደለሁ፣ አመሰገንኳት።

ማዳም ክፉ ነበረች ብዬ አልዋሽም። አልመታችኝም፣ አላስራበችኝም፤ እሷ ከበላችው ባጌት ዳቦ ነው የምበላው። ብቻ ቆለፈችብኝ። የተዋዋልነው ለሁለት ዓመት ነበር፤ ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ "ከረመዳን በኋላ ትሄጃለሽ" አለችኝ። ረመዳን አለፈ፤ "ሙቀቱ ይብረድ" አለች። ሙቀቱ ሲበርድ እህቷ ወለደችና አራሿን የሚያይ ጠፋ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይሄ ነው። ሁሌ እየሳቀች፣ ሁሌ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገች።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ጫት ከኢትዮጵያ ሲገባ መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ጅቡቲ የምትባል ከተማ የለችም። ሱቁ ይዘጋል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ ፍየሉ እንኳ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። ባልየው ወደ ጫት ጓደኞቹ፣ ማዳም ወደ እህቷ ቤት ይሄዳሉ። ስትወጣ ሌባ በዝቷል ብላ የውጭውን በር ቁልፍ ሁለቴ ታዞረዋለች። ቀጭ፣ ቀጭ። መስኮቱ ሁሉ የብረት ፍርግርግ ነው። እስኪመሽ ድረስ እዚያ ቤት ውስጥ የምንቀረው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና የማዳም አባት፣ አባ ሮብሌ።

አባ ሮብሌ ግራ ጎናቸው በድን ነው። ዕድሜያቸውን የፈጁት ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ በመካኒክነት ነው። አማርኛቸው የድሬ ልጅ አማርኛ ነው፤ "አቦ አትጨቅጭቂኝ!" ሲሉኝ አገሬ የገባሁ ይመስለኝ ነበር። ማጠብ፣ ማጉረስ፣ እንዳይቆስሉ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ የእኔ ሥራ ነው። እሳቸው ደግሞ ሌሊት በፈረንሳይኛ ሬዲዮ የሰሙትን የሰማይ ነገር ሁሉ ለእኔ ያወሩልኛል።

"ሁሉም ነገር አንድ ላይ ታጭቆ ነበር ነው የሚሉት። ባሕሩ፣ ባቡሩ፣ የድሬ ማንጎ፣ ፀሐይዋ ሳትቀር፣ እስክትፈነዳ ድረስ ከምስር ፍሬ ባነሰች ነገር ውስጥ።"

"ማዳምም?"

"ማዳምም።"

"እንግዲያውስ ማዳም በምን ትቻላለች፣ ምስሯ የፈነዳችው ለዚህ ነዋ!"

ሳቅ ሲያፍናቸው ጀርባቸውን መምታት ነበረብኝ። እኔ እግዜር ነው የፈጠረው ብዬ ድርቅ እላለሁ፤ እሳቸው "ለእሱማ እኔም እሰግዳለሁ፣ እኔ የምጠይቀው እንዴት አድርጎ ነው" ይላሉ። መካኒክ ናቸዋ! መቼ ተጀመረ፣ ምን ገፋው፣ ከመገፋቱ በፊት ምን ላይ ቆሞ ነበር፣ እያልን ሙሉ ከሰዓት እንከራከራለን። መዝጊያው ተዘግቶ፣ ማራገቢያው ትኩስ አየር እያማሰለ፣ ላብ በጀርባዬ እየወረደ። አንዳንድ ቀን የተቆለፈብኝን በር እረሳለሁ። እውነቴን ነው፣ ደስ ይለኝ ነበር።

በወር አንድ ቀን ማዳም ስልክ ታስደውለኛለች። ድሬዳዋ ስልክ ያለው ጎረቤት ቤት ነው የሚደወለው። አንድ ቀን፣ ካምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን በበሩ ሥር የሚያስገባበት ወር ላይ፣ እናቴ ሜሮንን ይዛት መጣች። ሦስት ዓመት አልፏት አፏን ፈትታለች። "ሜሮንዬ!" አልኳት። ዝም። "የኔ እናት፣ እኔ ነኝ!" አሁንም ዝም። ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ "ማናት?" ስትል ሰማሁ።

ስልኩን ዘጋሁት። ማዳም የተለመደ ሳቋን ሳቀች፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገች፣ ቀጭ ቀጭ አድርጋ ወጣች።

አባ ሮብሌን ማጠብ ጀመርኩ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው "ትናንት የት ላይ ነበር ያቆምነው?" አሉ። "አዎ፣ ውጭ። ሰው ሁሉ ከምስሯ ውጭ ምን ነበር ይላል። ሞኝነት ነው። ውጭ የለም። ያለው ውስጥ ብቻ ነው።"

ጨርቁን ሳፋው ውስጥ ወረወርኩት። "ለእርስዎ የለም ይሆናል!" ብዬ ጮህኩ። "ለእኔ ውጭ አለ! ውጭ ልጅ አለችኝ! ረሳችኝ እኮ፣ አባ ሮብሌ፣ ማናት አለችኝ!" ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ለቅሶ ቤት ሴት ደረቴን መታሁ።

ከጣቢያው የአሮጌው ባቡር ጥሩምባ ተሰማ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን የትኛው ሞተር እንደሆነ ይነግሩኝ ነበር።

"ብርቄ" አሉ በመጨረሻ፣ "ከአልጋዬ ሥር ያለውን ሳጥን ጎትቺው።"

የመሣሪያ ሳጥናቸው ነው፣ የብረት። ማዳም "የአባቴን ዕቃ እንዳትነኪ" ብላኛለች፤ ቁልፉ ከአንገቷ አይወርድም። እኔም ሳልነካው በየሐሙሱ በእርጥብ ጨርቅ ከላይ ከላዩ እወለውለው ነበር።

"ፓስፖርትሽ እዚያ ውስጥ ነው።"

ክው አልኩ። "መቼ ነው ያወቁት?"

"አራት ወር ሆነኝ። ልጄ ስትከተው የተኛሁ መስሏት ነበር።" ፊታቸውን ማዞር ፈለጉ፤ ያለ እኔ መዞር አይችሉም። "ብትሄጂ ከማን ጋር እጫወታለሁ አልኩ።"

በቀን ስድስት ሰባቴ የማገላብጣቸው ሰው በፓስፖርቴ ላይ ተኝተው ኖረዋል! ሽማግሌ ናቸው፣ በሽተኛ ናቸው አላልኩም፤ አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኳቸው፣ የሰማዩንም የምስሩንም ወሬ ሰደብኩት። ስጨርስ፣ ተማሪ እንደሚያሠለጥን ሰው ረጋ ብለው "ቁልፉን ተዪው" አሉ። "ሰው ሁሉ የሚያየው ቁልፉን ነው፤ ማጠፊያውን ማንም አያይም። ሚስማርና ዘነዘና አምጪ። የማጠፊያውን ፒን ከሥር ወደ ላይ ምቺው።"

ሦስት ጊዜ ጣቴን መታሁት። ሳጥኑ ግን በጀርባው ተከፈተ፤ ቁልፉ እንደተቆለፈ። ፓስፖርቴ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከመፍቻዎቹ መሀል ተቀምጧል።

"በሩም እንደዚያው ነው" አሉ። "ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ማጠፊያው ውስጥ ነው ያለው።"

የበሩ ፒኖች ዝገው ስለነበር የምግብ ዘይት አፈሰስኩባቸው። ከሁለት ዓመት በላይ የጠረግኩት፣ የወለወልኩት በር ነው እንግዲህ! በማጠፊያው በኩል ስስበው ተንቋቋና ያልለመደበት ጎኑ ላይ ዞረ፤ የጎዳናው እሳት ፊቴን ለበለበው። መንገዱ ላይ ነፍስ አልነበረም፤ የጫት ሰዓት ነው።

ተመልሼ ገባሁ። የመገላበጫ ሰዓታቸው ደርሶ ነበር። ውሃ አጠጣኋቸውና በቀኝ ጎናቸው፣ ወደ በሩ አዙሬ አስተኛኋቸው።

"ክፍቱን ተዪው፣ ልየው" አሉ። "ደግሞ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ካገኘሽ ላኪብኝ።"

ደህና ይሁኑ ሳልላቸው ወጣሁ። እስካሁን የምትቆጨኝ እሷ ናት።

ካርቲየ ሰባት አንዲት የሐረር ነጋዴ ሁለት ቀን ደብቃኝ ባቡር አሳፈረችኝ። ከዓመታት በኋላ የራሴን ንግድ ይዤ ስመለስ ያን ቤት ፈልጌ ሄድኩ። የጎረቤቱ ዘበኛ አስታወሰኝ። አባ ሮብሌ በዚያው ዓመት ሞተዋል። ያን ምሽት ማዳም ስትመጣ በሩ ተነቅሎ፣ ሽማግሌው ወደ ውጭ እያዩ አገኘቻቸው፤ ማን ነቀለው ብላ ስትጮህ "እኔ ነኝ" አሉ አለኝ። እጅ እግራቸው የማይታዘዝላቸው ሰው! ሰፈሩ ለወራት ሲስቅበት ነበር። እኔም ሳቅሁ፣ ሳቄን ሳልጨርስ አለቀስኩ። ይቅር ብያቸዋለሁ? እንጃ። አራት ወር ግን አራት ወር ነው፤ ልጄ እኔን የረሳችበት አራት ወር ነው።

ይሄን ሁሉ ለሜሮን ነገርኳት፤ የስልኩን ብቻ ዘለልኩት። ሕፃን ሳለች ያለችውን ምን ብዬ ልንገራት?

ሞኝ ልጅ አይደለችም። "ያን ሁሉ ጊዜ ችለሽ፣ ያን ቀን ምን ነክቶሽ ጮህሽ?" አለችኝ።

"ሙቀቱ በዛብኝ" አልኳት።

ልትከራከረኝ ስትል ስልኳ ጠራ። አብራት የምታስተምር ጓደኛዋ ናት፣ በቪዲዮ። እኔ ከኋላዋ ሳህን እያነሳሁ ነበር። ጓደኛዋ አይታኝ "ከኋላሽ ያለችው ማናት?" አለች።

ሜሮን ዞር ብላም አላየችኝ። "እናቴ ናት" አለች፣ ዓሣዋን እያላመጠች።

ሳህኑን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁና፣ በሩን ሳልዘጋ አለቀስኩ።