ዳማ ያረዳው መርዶ

በልጅነቴ አገር ሁሉ የሚፈራው አንድ ፈረስ ነበር፤ ፈረሱም የእኛ ነበር። አይናከስ፣ አይራገጥ፤ እንዲያውም ዝንብ ሲያርፍበት ጭራውን ለማንሳት እንኳ አስቦ የሚያነሳ ጭምት ነገር ነበር። የሚፈራው በሥራው ነው። አባቴ የቅሬያችን ጥሩምባ ነፊ ነበረና ሰው በሞተ ቁጥር ዳማ የምንለውን ይህን ፈረስ ጭኖ ከአፋፍ አፋፍ እየዞረ መርዶ ያሰማ ነበር። ቅሬ እኛ ወሎዬዎች ለቀብርና ለለቅሶ የምንረዳዳበት ማኅበር ነው፤ ሌላው አገር እድር ይለዋል።

መንደራችን ከኩልመስክ በላይ፣ ቤቱ ሁሉ በየጉብታው ተበትኖ፣ በመሃሉ ገደል የገባበት አገር ነው። ማዶ ለማዶ ይተያያሉ እንጂ አይሰማሙም፤ ነፋሱ የሰውን ድምፅ መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ስለዚህ ጥሩምባ ነፊ ያለ ፈረስ አይሆንም። ዳማ ደግሞ ከልምዱ ብዛት አባቴ ልጓም ባይስብም መንገዱን ያውቀው ነበር፤ መጀመሪያ እማማ ውብዳር ደጅ፣ ከዚያ ወደ ታችኛው መንደር፣ ከዚያ ማዶ። እያንዳንዱ ደጅ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሴቶቹ ገና የኮቴውን ድምፅ ሲሰሙ እጃቸው ጭንቅላታቸው ላይ ነው፤ «የማንን አመጣህብኝ!» ይላሉ፣ አባቴን ሳይሆን ፈረሱን።

እኔም ከዚህ ዕዳ ድርሻዬን አግኝቻለሁ። ትምህርት ቤት ልጆቹ ቅልሞሽ ሲጫወቱ እኔ ልቀመጥ ስል ጠጠራቸውን ሰብስበው ይነሳሉ። «የመርዶ ልጅ» ነበር ስሜ። ይኸው ዛሬም ድረስ ቅልሞሽ አልችልም፤ ማን ሊያስተምረኝ! ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓደኛዬ ዳማ ነው። አንገቱ ሥር ገብቼ መዥገር እለቅምለታለሁ፤ ላቡ ከገብስ ገለባ ጋር ተቀላቅሎ የሚሸተው ሽታ ለኔ የቤት ሽታ ነበር። በዚያ በጥቅምት ውርጭ መዳፌን አፍንጫው ላይ ስዘረጋለት በትንፋሹ ያሞቅልኛል። እንደዚያ የሚያሞቅ እሳት ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም ብል ውሸት አይሆንብኝም።

አንድ ዓመት በልጉ ከዳን። ገብሱ ሳያሸት አረረ፣ ጎተራው ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጥ ጀመር። ዳማም አርጅቶ ነበር፤ ጥርሱ አልቋል፣ ጀርባው ቆስሏል፣ የፊት እግሩን ያነክሳል። እኛ ዘንድ ፈረስ አይታረድ፣ አይበላ፤ ካረጀም ገዥ የለው። ያገለገለ ፈረስና አህያ ማሰሪያው ይፈታና ወደ ገደሉ ይለቀቃል፤ የቀረው የጅብ ነው። ይህን ያደረገ ሰው በክፉ አይታማም። ሁሉም አድርጎታልና ማንም ማንንም አይጠይቅም። እኔ ግን ሌላው ላይ ሁሉ ሲደረግ አይቼ ዳማ ላይ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አባቴ ዳማን ይዞ ሲወጣ ጋቢው ጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ አለቀስኩ። እኔ ከምበላው ላይ አካፍለዋለሁ አልኩ፤ እራት አልበላም አልኩ፤ ውሃም ቢሆን አልጠጣም አልኩ። አንዴም አልተቆጣኝም፤ ያ ነው የባሰብኝ። «ልጄ፣ ፈረስ የሚቀለበው ሰው ሲጠግብ ነው» ብሎኝ ሄደ። ሲመለስ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ነበር። እናቴ ከንፈሯን መጠጠችና ፊቷን አዞረች። ያቀረበችው ቂጣ እንደተቆረሰ አደረ።

ጠዋት ከታች በኩል የለቅሶ ጩኸት መጣ። የሆነውን ኋላ ነው የሰማነው፤ እማማ ውብዳር በሕይወት እስከነበሩ ድረስ ሲያወሩት አልሰለቻቸውም። የጎረቤቶቻችን ታላቅ፣ ባላቸውን ቀድመው የቀበሩ፣ ምላሳቸው የሚያቃጥል ልባቸው ቅቤ የሆነ ሴት ነበሩ። ጅቡ ያን ሌሊት የት እንዳደረ እንጃ፤ ዳማ ከገደሉ ወጥቶ በለመደው መንገድ እሳቸው ደጅ ሄዶ ቆመ። እማማ ውብዳር ኮቴ ሰምተው ሲወጡ ፈረሱ አለ፤ ኮርቻ የለው፣ ልጓም የለው፣ ባለቤቱ የለ። እንግዲህ በእኛ አገር የሰው ፈረስ ባዶ ጀርባውን የሚታየው መቼ ነው? ባለቤቱ ሲቀበር ነው። እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወይኔ ዳኘው! የሁሉን ሞት ስታውጅ ኖረህ፣ ላንተ የሚነፋልህ ጠፍቶ ፈረስህ ይምጣ!» ብለው ጮኹ። ዳማ ደግሞ ግዴታውን ተወጥቶ ወደ ታችኛው መንደር ቀጠለ።

ከዚያማ አገር ተነሳ። አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ጩኸቱን ሲሰማ ያው የሥራ ነገር ነውና ፍልጡን ጥሎ ጥሩምባውን ከግድግዳው አወረደ። ማን እንደሞተ ጠይቆ ሊነፋ እየሮጠ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት። ለቀስተኛውን ምንጩ አጠገብ አገኘነው፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ፣ ገብሱን በነጠላቸው ቋጥረው፣ ወንዶቹ ማገዶ ተሸክመው። ከፊት ያሉት አባቴን ሲያዩ ደርቀው ቀሩ፤ ከኋላ ያሉት ግን ገና ያለቅሱ ነበር።

«ማን ነው የሞተው?» አለ አባቴ እያለከለከ።

«አንተ ነህ እንጂ ሌላ ማን!» አሉ እማማ ውብዳር ተቆጥተው።

አንዱ ሳቅ አምልጦት ነበር፤ ወዲያው ዋጠው። ዳማ ከሰው ሁሉ ኋላ እያነከሰ ሲመጣ ሁሉም ዞሮ አየው። የአንገቱን ባዶነት ሲያዩ ምን እንደተደረገ ለማንም መንገር አላስፈለገም። አባቴ ጥሩምባውን ቀስ አድርጎ ጋቢው ሥር ሸሸገው፤ እንደዚያ አፍሮ ከዚያ በፊትም በኋላም አይቼው አላውቅም።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። እኛ ዘንድ ለለቅሶ ከቤት የወጣ እህል ተመልሶ ጎተራ አይገባም፤ የመለሰ ሰው ሞትን ጎትቶ ቤቱ አስገባ ማለት ነው። ሴቶቹ በዚያ በችጋር ዘመን ከልጆቻቸው አፍ የቀነሱትን ገብስ ታቅፈው ቆሙ። ወስደው አይመልሱት፣ ለቀስተኛ ቤት አይሰጡት፤ ለቅሶው የለም። የቅሬው ዳኛ አያ በላይ ራሳቸውን ያክካሉ። ሳይሞት ለተለቀሰለት ሰው የወጣ ሕግ ከየት ይምጣ!

እማማ ውብዳር ናቸው የጨረሱት። አባቴን በትከሻቸው ገፋ አድርገው አለፉና የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈተው ዳማ አፍ ሥር ዘረጉት። «እህሉ የወጣው ለሞት ነው። ይሄ አልሞተም፤ ሊሞት የነበረው ይብላዋ!» አሉ።

ዳማ በላ። በዚያ በተሸረፈ ጥርሱ ገብሱን ሲያላምጥ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ሌላዋ ሴት ቀረበች፣ ከዚያ ሌላዋ፤ እሱ ሁሉን አይችለውምና የተረፈውን በቁና ሰበሰቡለት። አባቴ አለቀሰ። የስንቱን ሰው ሞት በደረቅ ዓይኑ ሲለፍፍ የኖረ ሰው፣ መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ የዳማን አንገት አቅፌ ስለነበር እንባውን አልጠረግሁለትም።

አያ በላይ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቅሬውን ሸንጎ አደረጉት። ይህ ፈረስ ያልሮጠለት ሬሳ ማን አለው? አዲስ እህል እስኪደርስ ድረስ በየእሑዱ ከየቤቱ እፍኝ እፍኝ ይውጣለት አሉ። ልጅ የበዛበት ጎረቤታችን አያ ተገኘ ብቻ ተነሳ። ልጆቼ ሳይጠግቡ ለፈረስ እህል አልሰጥም አለ። እውነቱን ነበር፤ ማንም አልሰደበውም። «አትስጥ፤ ሳር ለማጨድ ግን እጅህ አልታሰረም» አሉት አያ በላይ። እያጉረመረመ ቢሆንም ተስማማ።

እፍኙን የምሰበስበው እኔ ነበርኩ፤ ከቅዳሴ በኋላ ቁናዬን ይዤ ዳማን አስከትዬ በዚያው በመርዶ መንገዱ እዞራለሁ። መጀመሪያ ላይ የሚያማትቡ ነበሩ። እየዋለ እያደረ ግን ሰዉ ኮቴውን ሲሰማ እጁን ወደ ጭንቅላቱ ሳይሆን ወደ ጎተራው መስደድ ለመደ። ጠጠራቸውን ይሰበስቡብኝ የነበሩት ልጆች ሳይቀሩ ግንባሩን ለመንካት ይለማመጡኝ ጀመር። እኔም ደንበኛ ጉረኛ ሆንኩ፤ ደስ ያላለኝን ልጅ አላስነካም ነበር።

ነሐሴ ላይ አያ ተገኘ ሳር እንዳመጣ ለማየት ሄጄ ከቤቱ ክዳን ጭስ እንደማይወጣ አየሁ። ለእናቴ ነገርኳት። እሷም ከዳማ ቁና ገብስ ቀድታ፣ በነጠላዋ ሸፍና፣ በጓሮ በኩል ለአያ ተገኘ ሚስት ወስዳ ሰጠች። እማማ ውብዳርም ከእናቴ ሰምተው ይሁን ከራሳቸው ዓይን፣ በሚቀጥለው እሑድ ሁለት እፍኝ ሰጡኝ። ሌሎቹም እንደሳቸው። ፈረሱ ይህን ሁሉ ይበላል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እነዚያ ልጆች ክረምቱን የወጡት ከፈረስ ቀለብ እየተካፈሉ ነው፤ ፈረሱም አልጎደለበትም።

ዳማ የሞተው ከዓመት በኋላ በገዛ ግርግሙ ሥር፣ በዕድሜው ነው። ጥሩምባ አልተነፋለትም፤ ፈረስ ነዋ። አያ ተገኘ ግን ሳይጠራ ዶማውን ይዞ መጣና ከአባቴ ጋር ጉድጓድ ቆፈሩለት። በአገራችን ለፈረስ ጉድጓድ ሲቆፈር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አሁን የምኖረው ላሊበላ ከተማ ነው። እንግዳ ከከተማው ከጠፋ ወዲህ፣ ቱሪስት ይዘው ዳገቱን ይወጡ የነበሩ በቅሎዎችና ፈረሶች ሥራ ፈትተው አስፋልት ዳር ካርቶን ሲያኝኩ አያለሁ። በስልኬ የማነበው አንድ ገጽ አለ፤ የተጣሉትን ፈረሶች ፎቶ እያወጣ አንባቢዎቹን የአቅማችሁን ጣል አድርጉ ይላል። እኔም ደመወዝ ስቀበል ትንሽ ትንሽ እልካለሁ፤ ከየት ከየት የማላውቀው ሰው ሁሉ ይልካል። ከዚያ በመቶ የሚቆጠር የማይተዋወቅ ሰው እፍኝ ተጠራቅሞ ገብስና መድኃኒት ሲገዛ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ለምን እዋሻለሁ። «ሰው እየተራበ ለፈረስ?» የሚል አስተያየት አንድ ቀንም ጠፍቶ አያውቅም። እሱ አልገረመኝም፤ አያ ተገኘም ብሎታል።

ባለፈው ሰሞን ጀርባው የተላጠ አንድ ነጭ ፈረስ ከዚሁ ከከተማችን ተገኝቶ ፎቶው ወጣ። ገንዘቡ ወዲያው ሞላለት። ከሥሩ ግን ማሰሪያውን ፈትቶ የለቀቀውን ሰው አንባቢው ሁሉ ጨካኝ፣ አረመኔ እያለ ሲሰድበው አነበብኩ። አባቴን የሰደቡብኝ መሰለኝ። በዚያን ዘመን ፈረሱን ስናይ ባለቤቱን እናያለን፤ ክዳኑን ስናይ ምድጃውን እናውቃለን። ዛሬ ፈረሱ በፎቶ ይመጣል፣ ሰውየው ከፎቶው ውጭ ይቀራል። እናም ጻፍኩ፤ ፈረሱስ ተገኘ፣ እሰየው፣ ባለቤቱ ግን ምን በልቶ አድሮ ይሆን፣ ቤቱን የምታውቁ ንገሩኝ፣ ሄጄ ልየው አልኩ። ብዙ ሰው የልብ ምልክት አስቀመጠልኝ፤ ቤቱን የነገረኝ ግን እስካሁን የለም።