ሰባተኛው ቅርፊት

እማማ ፈርናንድ ጣዕምና ሽታ ከጠፋባቸው ዘጠኝ ወር ሆኗቸዋል። የካቲት ላይ የጣላቸው ጉንፋን ነው ይዞባቸው የሄደው። ለሐኪማቸው እንኳ ትንፍሽ አላሉም። ሠላሳ ዓመት የመንደሩን ተማሪ ቤት ወጥ ቤት ቀጥ አድርገው የያዙ ሴት፣ ዛሬ ቡናና ሙቅ ውሃ አይለዩም ሲባል መስማት ሞት መሰላቸው።

አሁን ደግሞ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ደረሰ። በዚያ ቤት ለበዓሉ ካሱሌ ይሠራል፤ ነጭ ባቄላ፣ በገዛ ስቡ የተቀመጠ የዝይ እግርና ቋሊማ በአፈ ሰፊ የሸክላ ድስት ምድጃ ውስጥ ይውላል ያድራል። ከላይ የሚጋግረው ቅርፊት ሰባት ጊዜ ይሰበራል። ሰባተኛውን ገበታ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የሠራችው ሴት ትሰብረዋለች። ድስቱም የሰባሪዋ ነው።

ድስቱን ግን የባላቸው እህት ሬሞንድ አርባ ዓመት ሙሉ አይኗን ጥላበታለች። እናቷ ልጃቸውን አልፈው ለምራታቸው መስጠታቸው እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። በየዓመቱ አንድ ጉርሻ ቀምሳ «ጥሩ ነው። የእማዬ ግን አይደለም» ትላለች። እማማ ፈርናንድ በዚያች ቃል የተቃጠሉትን ያህል በምድጃ አልተቃጠሉም። ምላሳቸው መክዳቱ ከታወቀ ሬሞንድ ድስቱን አንጠልጥላ እንደምትወጣ አላጡትም። እሳቸው ያሰቡት ግን ለልጅ ልጃቸው ለክሌማንስ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ክሌማንስ ደብተርና ሚዛን ይዛ መጣች።

«ሚዛኑን መኪናሽ ውስጥ መልሺው» አሏት። «ፋርማሲ መሰለሽ እንዴ?»

ልጅቱ ስቃ መለሰችው። ከሰዓት በኋላ መረቁን ቀመሰችና ፊቷን ቋጠር አደረገች።

«እማማ፣ ጨው ያንሰዋል።»

«እንዳትነኪ! ዝይዋ ጨውዋን ራሷ ታወጣለች። አርባ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት።»

«እስቲ አንቺ ቅመሺው።»

ቀመሱ። ሙቀት ብቻ። «ልክ ነው» አሉ ፈጠን ብለው።

ክሌማንስ ዞር ብላ ሌላ ማንኪያ አቀረበችላቸው። «ይኸኛውስ?»

«ይኼ ደግሞ ይበልጣል።»

ልጅቱ ማንኪያውን አስቀመጠች። ከኋላዋ የኮምጣጤው ጠርሙስ ክዳኑ ተከፍቶ ቆሟል። እማማ ፈርናንድ አዩት፤ የቀመሱት ኮምጣጤ መሆኑ ገባቸው፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ለማን ልትነግሪ ነው?» አሉ።

«ለማንም» አለች ክሌማንስ። ከዚያ ጨው ቆንጥራ ድስቱ ውስጥ በተነች። አሮጊቷ አልከለከሏትም።

እሑድ ቀን ስድስቱ ቅርፊት ተሰብሮ ድስቱ ገበታ ላይ ወጣ። ክሌማንስ ትልቁን ማንኪያ ለአያቷ ዘረጋች።

«ያንቺ ነው፣ እማማ።»

ተቀበሉ። ማንኪያውን ከቅርፊቱ በላይ እንደያዙ ቆዩ። ሰብረው መቀመጥ ይችሉ ነበር፤ ማንም አያውቅባቸውም። የልጅቱ ልፋት ግን በሳቸው ስም ይበላል። ክሌማንስም፣ እሳቸው ድስቱ እስኪሰጣቸው ዘጠኝ ዓመት በአማታቸው ጓዳ እንደቆሙ፣ ቆማ ትጠብቃለች።

«ምነው ፈርናንድ፣» አለች ሬሞንድ፣ «ማንኪያው ከበደሽ?»

«ከበደኝ» አሉ። «ከየካቲት ወዲህ ምላሴ ጨውና ስኳር አይለይም። ይህን የሠራችው እሷ ናት፤ እሷው ትስበረው።»

ሬሞንድ ከወንበሩ ብድግ ልትል ቃጣች። «እንግዲያ ድስቱ...»

«መጀመሪያ ብዪ» አሉ እማማ ፈርናንድ። «ከዚያ ጠይቂ።»

ክሌማንስ ቅርፊቱን ሰበረችው፤ እንፋሎቱ ወጣ። ለሬሞንድ ቀድማ ጨለፈችላት። እማማ ፈርናንድ የራሳቸውን ሳህን ትተው ሬሞንድን ፊት ፊቷን ያያሉ፤ ዛሬ ያላቸው ምላስ የእሷ ብቻ ነው።

ሬሞንድ አንድ ጎረሰች። ማኘኳን አቆመች።

«የእማዬ ነው» አለች። «ጨዉ ሳይቀር የእማዬ ነው።»

አርባ ዓመት የጠበቁት ቃል መጣ፤ ለሳቸው ግን አልነበረም። ሬሞንድም ድስቱን ዳግም አልጠየቀችም። እማማ ፈርናንድ ሳህናቸውን ወደ ክሌማንስ ገፋ አደረጉ።

«ለእኔም ጨልፊልኝ» አሉ፤ አንዳችም ሳይጣፍጣቸው እስከ መጨረሻው በሉ።