ከግድቡ በታች የተደረገ ትውውቅ

ሚኒሶታ ውስጥ ለዓሣ የሚታሰበውን ያህል ለሰው ቢታሰብ ኖሮ፣ እኔና አበልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ተኳርፈን ስንኖር አንድ ሰው መረብ ይዞ ይመጣልን ነበር። ይህን የምለው በዓሣ ቀንቼ አይደለም። እኔ ራሴ ዓሣ ላድን ብዬ ከአልጋዬ የተነሣሁ ሰው ነኝ፤ ያውም በፍልሰታ ጾም፣ ያውም ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ሰንብቼ ወገቤ አልታዘዝ ባለኝ ቅዳሜ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሴንት ፖል ወጣ ብሎ አንድ ሐይቅ አለ፤ ጫፉ ላይ ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጥ የሲሚንቶ ግድብ ተሠርቶበታል። ሰኔ ላይ ዝናብ ሲበዛ ውሃው በግድቡ አናት ይፈስና ትልልቆቹን ዓሦች ይዟቸው ይወርዳል። መውረዱስ ቀላል ነው። ነሐሴ ላይ ከታች ያለው ጅረት ሲደርቅ ግን ዓሦቹ ጉልበት በማይደርስ ኩሬ ውስጥ ይቀራሉ፤ መመለሻ የላቸውም። ውሃው ይሞቃል፣ አየር ያጥራቸዋል፣ ወፉም ዳር ዳር ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ ሰዎች ይሰባሰቡና፣ ፈቃድ አውጥተው፣ በመረብ እየያዙ ተሸክመው ወደ ሐይቁ ይመልሷቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ በጀልባ ይሄዱና ያንኑ ያዳኑትን ዓሣ በመንጠቆ ይይዙታል።

ይህን ለባለቤቴ ሳስረዳት ግንባሬን በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ ደህና ነህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እሷ ዓሣ ለጾም ይሆናል ከሚሉት ወገን ናትና፣ ስወጣ አንድ ፌስታል አምጥታ ኪሴ ውስጥ ከተተች፤ ከዚያ ሁሉ ዓሣ አንዱ ቢቀር ማንም አያውቅም አለች።

ይህን የዓሣ አዳኞች ማኅበር ያገኘነው ከአበልጄ ጋር ሳንጣላ በፊት ነው። አበልጄ የበኩር ልጄ የክርስትና አባት ነው። ልጁ በአርባ ቀኑ ከማጥመቂያው ውሃ ሲወጣ ተቀብሎ ያቀፈው እሱ ነው። እኔ ብሩክሊን ሴንተር እኖራለሁ፣ እሱ ኒው ሆፕ አንድ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ውስጥ ይሠራል፣ እዚያው አጠገቡም ይኖራል። ዕረፍታችን ሲገጥም ሐይቅ ዳር ጎን ለጎን ቆመን ምንም ሳንይዝ እንውል ነበር። እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

የተጣላነው ለቅሶ ቤት ነው። ሰው ሞቶ፣ እኛ ደግሞ ስለ አንዲት ከተማ ተከራከርን፤ የእነ እገሌ ናት፣ የለም የእነ እገሌ ናት እያልን። ልብ በሉ፣ ከተማዋን እሱም እኔም በእግራችን ረግጠናት አናውቅም። የማንም ብትሆን ለሁለታችንም አንዲት ካሬ መሬት አትሰጠንም። እሱ የአውቶቡስ ሾፌር ስለ ታሪክ ምን ያውቃል አለ። እኔም ሽማግሌ ሲያጥብ ስለሚውል ሰው አንድ ነገር አልኩ። ሐዘንተኞቹ ሐዘናቸውን ትተው እኛን ያዙ።

ሽማግሌ ገባ። አንዴ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ሌላ ጊዜ ኩን ራፒድስ አንደኛው ሽማግሌ ቤት ተቀመጥን። ሰዎቹ ደክመዋል፣ አይካድም። ማን ምን እንዳለ ተጣራ፣ ጥፋቱም እኩል ተካፈለ። በመጨረሻ በሉ ተነሡና ተሳሳሙ አሉን። ማን ይነሣ? እኔ በዕድሜ እበልጠዋለሁ፤ የሚነሣ ታናሽ ነው አልኩ። እሱ ደግሞ ነገሩን የጀመረ ይነሣ አለ። ሽማግሌዎቹ እኩል ተነሡ ሲሉን፣ እኔ እሱ እስኪንቀሳቀስ አየሁ፣ እሱም እኔን አየ፤ ሁለታችንም ወንበራችን ላይ ተጣብቀን ቀረን። ሽማግሌ አሳፋሪ ተባልን። ከዚያ በኋላ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ብለው ተዉን።

ይህ ሁሉ እስከ መቃብር ሊቀጥል ይችል ነበር፤ እኔ እልህ አያልቅብኝም። ግን ልጄ ሊያገባ ሆነ፤ ሠርጉ ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ ሌበር ዴይ በሚሉት የሠራተኞች በዓል ቅዳሜ። ልጁ የክርስትና አባቴ ካልመጣ ሠርግ አልለውም አለኝ። እንዴት ብዬ፣ አንነጋገርም እኮ ስለው፣ «ዳድ፣ ጀስት ፊክስ ኢት» አለኝ፤ በቃ ጠግነው ማለቱ ነው፣ የምታንጠባጥብ ቧንቧ ይመስል። ካርዱን በፖስታ ልላክለት ብል እናቱ ተቆጣች። ልጅ ያቀፈ ሰው በፖስታ አይጠራም፤ ራስህ ሄደህ ሰላም ብለህ ትጠራዋለህ አለች። እውነቷን ነው። ነገሩ ግን ተመልሶ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ፦ ማን ቀድሞ ሰላም ይበል?

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ግድቡ ጋ የሄድኩት አበልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ እንዳለው ስለማውቅ ነው። ፓርክ ሳደርግ ግን የኋላ መስኮቷ በፕላስቲክ የተለጠፈች መኪናው ቆማለች። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይህ ነው። ልመለስ አሰብኩ፤ ግን መኪናዬን አይቶ ቢሆንስ? ሸሸ ይለኛል። እስከ ደረት የሚደርሰውን የጎማ ሱሪ ለብሼ ወረድኩ። እሱ ከኩሬው ወዲያ ማዶ ቆሟል፣ እኔ ወዲህ። እንዳልተያየን ሆነን ውሃውን አየን።

የማኅበሩ የድሮ አስተባባሪ ወደ ሞቃት አገር ሄዷል። ባለፈው ክረምት የተተካው ፊቱ በፀሐይ የቀላ፣ ረጅም፣ ጡረታ የወጣ ፈረንጅ ነው፤ ስለ እኛ ምንም አያውቅም። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝና ነገርኩት። ዓይኑ በራ። ክንዴን ያዘና በድንጋዩ ላይ እየመራ ወደ ማዶ ወሰደኝ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ የገባኝ መንገድ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጎማው እግሬን ይዞኛል፣ መሮጥ የለ።

«ዛሬ ደስ የሚልህ ቀን ነው፤ እሱም ከኢትዮጵያ ነው!» አለኝ።

ከዚያ የልጄን የክርስትና አባት ስም አጣሞ ነገረኝ። የእኔንም አጣሞ ለእሱ ነገረው። ነግሮም አልሄደም። መሐላችን ቆሞ ፈገግ እንዳለ ጠበቀ። ሰውዬው የሚያደርገው ነገር ሽማግሌዎቹ ያቃታቸው መሆኑን ቢያውቅ ምን ይል ነበር! እዚህ ላይ ታላቅ የለ፣ ታናሽ የለ፣ የጀመረ የለ፤ የተዋወቁ ሰዎች እጅ ይጨባበጣሉ፣ በቃ። እጃችን እኩል ተዘረጋ።

«ናይስ ቱ ሚት ዩ» አለኝ አበልጄ፣ ፊቱ ላይ አንዲት ነገር ሳትንቀሳቀስ።

እኔም በመተዋወቃችን ደስ ብሎኛል አልኩት። ፈረንጁ በሥራው ረክቶ፣ ቋንቋ ስለምትግባቡ አንድ መረብ አብራችሁ ያዙ ብሎ መደበን። የተጣላነውም በዚያው ቋንቋ እንደሆነ አልነገርነውም።

ያን መረብ ጫፍና ጫፉን ይዘን ኩሬውን ስናስስ አረፈድን። እንግዳ ሰዎች ነንና እርስዎ ተባባልን። ትንሽ ወደ እርስዎ ይሳቡት ይለኛል፤ እኔም ምንም አይደለም፣ ይዤዋለሁ እለዋለሁ። ሌሎቹ በባልዲ ትንንሾቹን ያመላልሳሉ። ከዚያ ማስኪ የሚሉት ዓሣ፣ ርዝመቱ የእግሬን ያህል፣ ጥርሱ እንደ መጋዝ የሆነው፣ መረባችን ውስጥ ገባና ኩሬውን አናወጠው። እኔ ወደ ኋላ ስል ጭቃው እግሬን ያዘውና በጀርባዬ ወደቅሁ፤ ውሃው በደረቴ በኩል የጎማ ሱሪዬ ውስጥ ገባ። አበልጄ በአንድ እጁ መረቡን፣ በሌላው አንገትጌዬን ይዞ፣ አንተ ሰውዬ ስንቴ ልንገርህ፣ ጭቃ ላይ ተረከዝህን አትጫን እያለ ጎተተኝ። የድሮ ቁጣው ነው። እንደዚያ ተቆጥቶኝ ከቆየ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እውነቱን ለመናገር ናፍቆኝ ነበር።

ዓሣውን በእርጥብ ሸራ ተሸክመን ዳገቱን ወጣን፤ ግድቡን ዞረን ሐይቁ ውስጥ እስከ ወገባችን ገባን። የደከመ ዓሣ ዝም ብሎ አይወረወርም። አንዱ ከሆዱ ይደግፈዋል፣ አንዱ ጭራውን ይይዛል፤ ራሱ ታግሎ እስኪሄድ ይጠበቃል። አበልጄ ሁለት መዳፉን ከዓሣው ሆድ ሥር ዘርግቶ ጎንበስ አለ። ልጄን ከውሃ የተቀበለው እንዲሁ ነበር፤ እንዳይጥለው ፈርቶ፣ ትንፋሹን ይዞ። አንጀቴን በላው። ከዚህ በላይ መቆየት አልቻልኩም።

«ልጅህ ሊያገባ ነው» አልኩት።

«ሰምቻለሁ። የጠራኝ ግን የለም።»

«ዛሬ ተዋውቀን መቼ ልጥራህ?»

ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ቀና ስላላለ አላየሁም። ዓሣው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። እኔም ነገር ለማስቀየር ብዬ፣ ቅዳሜ ሥራ አልነበረህም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ቅዳሜን ትቻለሁ አለኝ። የሌበር ዴይን ቅዳሜ ለብቻዋ አንፈቅድም ብለው አሠሪዎቹ ሲከለክሉት፣ ቅዳሜዎቹን ሁሉ ለሌላ ሰው ሰጥቶ የሌሊት ሺፍት ወስዷል። ከሰኔ ጀምሮ ሌሊት ይሠራል። ዛሬም ከሥራ ሳይተኛ ነው የመጣው።

«ሳልጠራህ?»

«ብትጠራኝ እገባለሁ። ባትጠራኝ ከቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ሆኜ ሲወጣ አየው ነበር» አለኝ።

ሩብ ሰዓት የማይፈጅ መንገድ ነው ከቤቴ እስከ ቤቱ። የኔ ልጅ ሠርግ ላይ መኪና መሐል ሊቆም፣ ሌሊቱን ሁሉ ሊነቃ ተስማምቷል፤ እኔ ደግሞ ታናሽ ይነሣ እያልኩ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ይቅር በለኝ አልኩት፤ እሱም አንተም ይቅር በለኝ አለኝ። ማን እንደቀደመ አሁን ብትጠይቁኝ እኔ ነኝ እላለሁ፤ እሱም እኔ ነኝ ይላል። ዓሣው በዚያ መሐል እጃችንን ጥሎ ሄዷል።

ወደ ታች ስንመለስ ፈረንጁ ባልዲ ይዞ አገኘን፤ እንዴት ናችሁ፣ ተግባባችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። አበልጄ ልብሱን እየጨመቀ፣ ጥሩ ሰው ይመስላል፤ ልጁን ሊድር ነው፣ ለሠርጉ ጠራኝ አለው። ሰውዬው ባልዲውን አስቀመጠ። ከተዋወቃችሁ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ለልጅ ሠርግ መጥራት! እኔ ጎረቤቴን በአሥር ዓመት ውስጥ ለእራት አልጠራሁትም አለ። ከዚያ እንባ ባቀረረ ዓይኑ ሁለታችንን እያየ፣ እናንተ እንዴት ያላችሁ ደግ ሕዝቦች ናችሁ አለን።

አበልጄ ወደ እኔ አላየም።

«አዎ» አለው፤ «እኛ እንዲህ ነን።»